መልስ፦ ሊብሬ የሌለው የጦር ዋዝ ልግዛ ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ከመሐል ሜዳ ሆነህ ከጦሩ ስለወጣ ዋዝ (ሩሲያ ሠራሽ ጂፕ) ጠይቀሃል። ሻጩ «ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በኋላ ይወጣል» ካለህ፣ ገንዘቡም በኋላ ይከፈላል በለው። በጨረታ የተሸጠ መኪና የአሸናፊነት ደብዳቤ፣ የክፍያ ደረሰኝና የርክክብ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ያለ ሰነድ ሰሌዳ አይወጣለትም፤ ሰሌዳ ከሌለው ደግሞ ቦሎም (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) የሦስተኛ ወገን መድንም የለም፣ ግቢህ ውስጥ የቆመ ብረት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ አንብበህ ከሰነዱ ጋር አመሳክር፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከመሰለህ ዋጋውን እንኳ አትጠይቅ።

ወደ መኪናው ስንመጣ፣ የጦሩን ዋዝ 469 ከሲቪሉ የሚለየው ከየጎማው ጀርባ ያለው ተጨማሪ የጥርስ ሳጥን ነው። ሆዱን ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው፤ የሲቪሉ 22 ገደማ ነው። ለመንዝ ጭቃ የተሠራ ይመስላል! ችግሩ፣ የእነዚህን ሳጥኖች ዘይት የሚያስታውስ የለም። የአንዱን ቡሎን አስፈትተህ ዘይቱን በጣትህ አሸት አድርገው፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ተወው። ዘይቱ አምልጦ የፍሬን ታምቡር ውስጥ ከገባ ፍሬን አይዝም፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሞተሩ 75 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው በባሕር ጠለል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ቤንዚን መጠጣቱን ግን አይቀንስም፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ጠብቅ። የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ካገኘህም ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገቡን አረጋግጥ።