ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ወተቱን ሳልጠጣ ከላም በሽታ ይይዘኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ67 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ክረምቱን ያሳለፍኩት ሱሉልታ፣ ወንድ ልጄ ጋ ነው። የፈረንጅ ላሞች አሉት፤ ወተት ለከተማ ያቀርባል። ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጆቼ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። እነሱ ጠዋት ጠዋት ወተቱን እንደታለበ ትኩሱን ይጠጣሉ። እኔም እርጎ እየናጥኩ፣ ጥጆቹን እያየሁ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ለቡሄ ሰሞን ግን አንዷ ላም ወሯ ሳይደርስ ጨነገፈች። እንግዴ ልጁም አልወርድ አለ። የገጠር ልጅ ስለሆንኩ በእጄ ጎትቼ አወጣሁላት። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ማታ ማታ ትኩሳት ይነሣብኛል፤ አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፤ ወገቤንና ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ ምግብ አስጠላኝ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ለቀቅ አደረገኝና እንደገና ተመለሰ፤ ይኸው ጥቅምት ገባ። የግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒን፣ እወስዳለሁ። ልጆቼ “ጥሬ ወተት ነው ያሳመመሽ፣ ሁለተኛ ሱሉልታ አትሄጂም” ይሉኛል። እኔ ግን ፍልሰታን ስጾም ወተት በአፌ አልዞረም። ከጾሙ በፊትም በኋላም የምጠጣው አፍልቼ ነው። ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ እማማ፣ እግዜር ይማርዎት። ደብዳቤውን ለጻፈችልዎ ልጅ ምስጋናዬን ይንገሩልኝ። ስለ ላሟ ባትጽፍልኝ ኖሮ እኔም እንደ ክሊኒኩ ታይፎይድን ላስብ እችል ነበር።

በአካል ሳላይዎትና ደምዎ ሳይመረመር “ይህ ነው” ብዬ አልቆርጥም። ነገር ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ነው። ከከብት፣ ከፍየልና ከበግ ወደ ሰው ይተላለፋል። ላሟን ሲይዛት ዋናው ምልክቱ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት መጨንገፍ ነው። እንግዴ ልጁ አልወርድ ማለቱም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ላሞች በሌላም ምክንያት ይጨነግፋሉ፤ ግን እርስዎ የገለጹት ነገር በጣም ይመሳሰላል።

ልጆችዎ ስለ ጥሬ ወተት የሚሉት እውነት ነው፤ በሽታው በወተት ይተላለፋል። መንገዱ ግን ወተት ብቻ አይደለም። የጨነገፈው ጽንስ፣ ውኃውና እንግዴ ልጁ በጀርሙ የተሞሉ ናቸው። በእጅ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ይገባል። ዓይን ላይ ሲረጭም፣ በትንፋሽም ይገባል። እርስዎ ደግሞ በባዶ እጅዎ ነው ያወጡት። ጾመኛ መሆንዎ ከወተቱ ጠብቆዎት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህኛው ግን አይጠብቅም። ጊዜውም ይገጥማል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ወራት ቆይቶ የሚነሣበትም ጊዜ አለ። ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ከሦስት ሳምንት ጥቂት ይበልጣል።

ሰፈር ያለውን ክሊኒክ አልወቅስም። ስለ ላም ካልተነገረው፣ ትኩሳት ይዞ የመጣን የከተማ ሰው ታይፎይድ ነው ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ችግሩ ያ ፈጣኑ የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ድሮ በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ጀርም ምክንያት “አለብዎት” ሊል ይችላል። ብሩሴላ ደግሞ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ጀርም ነው። ለጥቂት ቀን በሚሰጥ መርፌ ይዳከማል እንጂ አይነቀልም። ለቀቅ አድርጎ የተመለሰብዎትም በዚህ ሊሆን ይችላል። ሱሉልታ ደጋ ስለሆነ ወባን ብዙም አላስብም፤ በክረምቱ ቆላ ወርደው ከነበረ ግን ለሐኪሙ ይንገሩት።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የጤና መድህን ካለዎት ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር ያጽፉና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለአራት ኪሎ የካቲት 12 ቅርብ ነው። እንደገቡ የመጀመሪያ ቃልዎ “የጨነገፈች ላም በእጄ ረድቻለሁ” ይሁን። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የብሩሴላ አንቲቦዲ ምርመራ ያዛል፤ ከተቻለም የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደም ናሙና ላይ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ። ናሙናውን የሚቀበለው ላብራቶሪም ብሩሴላ እንደተጠረጠረ ይነገረው፤ ጀርሙ የላብራቶሪ ሠራተኞችንም ይይዛል። የቲቢ ምርመራም እንዳይቀር። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ምግብ ማስጠላት የቲቢም ምልክቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የፈረንጅና የዲቃላ ወተት ላሞች ላይ ደግሞ የከብት ቲቢ በብዛት እንደሚገኝ በጥናት ታይቷል።

ወገብዎን አደራ። በእርስዎ ዕድሜ ብሩሴላ የጀርባ አጥንት ላይ መቀመጥ ይወዳል። እግርዎ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት መቋጠር ካቃተዎት፣ አንገትዎ ከገተረ፣ አእምሮዎ ከተምታታ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ብሩሴሎሲስ ከሆነ ይድናል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አብሮ፣ ብዙ ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን አንዱ ምርጫ ነው። ሌላው ዶክሲሳይክሊን ሆኖ መጀመሪያ ላይ መርፌ ይጨመርበታል። ወገብ ውስጥ ከገባ ጊዜው ይረዝማል። በአንድ መድኃኒት ብቻ የታከመ፣ ወይም ትኩሳቱ ሲጠፋ “ድኛለሁ” ብሎ ያቋረጠ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ጸበል ቢሄዱም መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ።

ዶክሲሳይክሊንን በብዙ ውኃ፣ ቁጭ ብለው ይዋጡት፤ ወዲያው ጋደም ካሉ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት ጋር አይውሰዱት፤ ወተቱ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሰዋል። ሪፋምፒሲን ሽንትዎን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ አይደንግጡ። ለእርስዎ የምሠጋው ሌላ ነገር ነው። ሪፋምፒሲን የአምሎዲፒንን ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ የግፊት ኪኒን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሕክምናው እስኪያልቅም ግፊትዎን ቶሎ ቶሎ ያስለኩ። ስድስቱ ሳምንት ደግሞ ኅዳር 15 ከሚገባው የገና ጾም ጋር ይገናኛል። ውሎ መጾም ለደከመ ሰውነት ይከብዳል፤ አንዳንዱም መድኃኒት ያለ ምግብ ያቅለሸልሻል። ሳይገባ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ስለ ልጆቹ ልንገርዎ። ትኩሱን ወተት የጠጣ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ደህና ሆነው የሚጫወቱ ከሆነ በመርፌ አያስጨንቋቸው። ትኩሳት የሚመላለስበት፣ የሚያነክስ፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን የሚያመው፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ አንገቱ ላይ እጢ ያበጠበት ወይም ሁለት ሳምንት ያሳለው ልጅ ካለ ግን ሐኪም ይየው፤ ወተቱም ይነገር። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መድኃኒቱ ይለያል። ስለዚህ የእርስዎን ኪኒን ማንም ለልጅ አካፍሎ እንዳይሰጥ። ምራትዎ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ደህና ብትሆንም ትመርመር። በሽታው ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ልጅዎ የሚያደርገው አለ። የከብት ሐኪም ጠርቶ ላሞቹን ያስመርምር። በበሽታው የተያዘች ላም በመድኃኒት አትድንም፤ ከመንጋው መለየትና መወገድ አለባት። ኪሳራው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ወተቱ ለከተማው ነው የሚቀርበው፤ የሌላ ሰው ልጆችም ይጠጡታል። የጨነገፈ ጽንስና እንግዴ ልጅ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቦታው በበረኪና ይታጠብ። ላም የሚያዋልድ ሰው ረጅም ጓንትና ቦቲ ያድርግ፤ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ።

ወተትን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ሳይፈላ ለማንም አይሰጥ። ወተቱ ተንተክትኮ እስኪገነፍል ይቆይ። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጥሩ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ይህን ጀርም ግን አይገድልም። እርጎ መሆኑም አያስተማምንም። አይብም ቢሆን በብዙ ቤት አሬራው ይሞቃል እንጂ በደንብ ስለማይፈላ፣ ወተቱ አስቀድሞ ቢፈላ ይሻላል። ንጥር ቅቤ በእሳት ስላለፈ አያሠጋም። “ሲፈላ ቫይታሚኑ ይጠፋል” ለሚሉ ሰዎች ደግሞ፣ ጥቂት ቢቀንስ ነው፤ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ አለ።

አሁን ልጆችዎ ያንብቡልኝ። እናታችሁን ከሱሉልታ አትከልክሏቸው። አራት ኪሎ ቤታቸው ብዙውን ቀን ብቻቸውን የሚውሉ እናት እዚያ ሲሄዱ ይራመዳሉ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያወራሉ፤ በአንድ ገበታ ይበላሉ። ሰው ሲያረጅ ብቸኝነት ጤናን ይጎዳል፤ ግፊታችንም ስሜታችንም ላይ ይታያል። ሰኔ ላይ ከመሄዳቸው በፊት መስተካከል ያለበት በረቱ ነው። ላሞቹ ይመርመሩ፣ ወተቱ ይፍላ፣ ጓንት ይገዛ።

እማማ፣ እርስዎም ጥጆቹን ይዩ፣ እርጎውን ይናጡ። ላም ስትወልድ ግን በረት አይግቡ፤ ለወጣቶቹ በአፍ ይንገሯቸው፣ እነሱ በጓንት ይሥሩ። ለጊዜው ግን ሆስፒታሉ ነገ ዛሬ አይባልም። ሲሄዱ ክሊኒኩ የሰጥዎትን የምርመራ ወረቀትና የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ ይዘው ይሂዱ።