መልስ፦ የእንግሊዛዊቷ የዓለም አቀፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ምሁር የሱዛን ስትሬንጅ «መዋቅራዊ ኃይል» ከተራው ኃይል በምን ይለያል?

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ግር ብሎኝ ነበር።

ተራው ኃይል አንዱ ሌላውን ያላሰበውን ሲያስደርገው ነው፤ በማስፈራራት፣ በማዕቀብ ወይም በጥቅም። መዋቅራዊው ግን ሁሉም የሚጫወትበትን ደንብ የመወሰን አቅም ነው። አንድ ቡና ላኪ ይርጋጨፌን ለጀርመን ገዢ ሲሸጥ ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ነው። ሁለቱም አሜሪካዊ አይደሉም፤ ከዋሽንግተን ደውሎ ያዘዛቸውም የለም፤ በዶላር እንዲገበያዩ ያደረጋቸው ቀድሞ የተዘረጋው ደንብ ነው።

ስትሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው «መንግሥታትና ገበያዎች» የዚህን ኃይል ምንጮች አራት አድርጋቸዋለች፦ ጸጥታ፣ ምርት፣ ፋይናንስና ዕውቀት። እኔን የሚጥመኝ የፋይናንሱ ነው። ዋናው ነገር የተከማቸ ገንዘብ ሳይሆን ብድር የመፍጠር አቅም ነው ትላለች። ለዚህም ነው በ1980ዎቹ ብዙ ምሁራን «የአሜሪካ የበላይነት አከተመ» ሲሉ አጥብቃ የተከራከረችው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኒክሰን በ1971 ዶላርን ከወርቅ ነጠለው፤ ማለትም ዶላር በወርቅ የሚመነዘርበትን ደንብ አስቀረ፤ በእሷ መነጽር ሲታይ ደንቡን ብቻውን መለወጥ የቻለ አገር እንዴት ደከመ ይባላል?

ድክመትም አላት። ከአራቱ የትኛው መቼ እንደሚያይል በግልጽ አታስቀምጥም። ግን ጋዜጠኛ ስለነበረች አጻጻፏ አያደክምም።

መጽሐፉን ካገኘህ መግቢያውን አትዝለል። መርከባቸው ሰጥሞ ደሴት ላይ የወጡ ሰዎች ታሪክ ነው፤ አንዱ ቡድን ደኅንነትን፣ ሌላው ሀብትን፣ ሦስተኛው ፍትሕን አስቀድሞ የየራሱን ኑሮ ይመሠርታል።