በደብተሬ ላይ ያልሰፈረው ወር

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ኮምቦልቻ የሚማር አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር የቤዝቦል ቡድን ሳስተዳድር ቆይቻለሁ፤ ሜዳውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስፖርቱን አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል?» ሲል ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ አጭርና ለብ ያለ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጥያቄው ከ30 ዓመት በላይ ያዳፈንኩትን ጉዳይ ቀስቅሶብኛልና ለእሱም ለእናንተም ይህን እጽፋለሁ።

ቤዝቦልን፣ አንዱ የሚወረውረውን ኳስ ሌላው በዱላ የሚመታበትን ያን ጨዋታ፣ ያወቅሁት በ1965 ዓ.ም. ደሴ ተማሪ ሳለሁ ነው። በሰላም ጓድ ከመጡት አሜሪካውያን አንዱ ሒሳብ ያስተምረን ነበር፤ እሱም ስትራት-ኦ-ማቲክ የሚባል፣ በአገሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ የቀረበ የቤዝቦል ካርድ ጨዋታ ነበረው። እያንዳንዱ ካርድ የአንድ እውነተኛ ተጫዋች ነው። ሦስት ዳይስ ይጣላሉ፤ አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካሳየ ውጤቱ ከመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ ደግሞ ከወርዋሪው ካርድ ይነበባል፤ የሁለቱ ዳይሶች ድምር የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይወስናል። ስለ ዕድል የማውቀውን ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ከዚያ ጠረጴዛ ተማርኩ።

አንድ ቅዳሜ መምህራችን እውነተኛውን ኳስ ይዞ ሆጤ ሜዳ ወሰደን። በቤዝቦል ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ከ44 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህንኑ በርምጃ ለክቶ ቆመና በዝግታ ወረወረልኝ። የመቺዎቹን ካርድ በቃሌ የያዝኩት እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የአገሩ ባለሙያዎች ሲወረውሩት ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ እንደሚደርስ ሲነግረኝ፣ ካርድ የሰውን ፍርሃት እንደማይጽፍ የገባኝ መሰለኝ። አገሩ ሲመለስ ካርዶቹን ወስዶ ኳሱን ለእኔ ተወልኝ።

በ1984 ዓ.ም. እኔም የሒሳብ መምህር ሆኜ የትምህርት ቤቱን እግር ኳስ ቡድን ያዝኩ። የእያንዳንዱን ልጅ ቅብብል፣ የሳተውንና የተነጠቀውን ኳስ በደብተር መዘገብኩ፤ በመምህሬ ካርዶች አምሳልም ለሁሉም ካርድ ሠራሁላቸው። ከዋንጫው ጨዋታ በፊት የ11 ጨዋታ መዝገብ ነበረኝ። በቀኝ ክንፍ የሚጫወተው ልጅ ካርድ ከሁሉም የወረደ ስለነበር ከአሰላለፉ አስቀረሁት።

ልጁ ሸራ ጫማውን አጥቦ መጥቶ ነበር። ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የጫማውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ እንዳሰረ ጨዋታው አለቀ። ከዚያ ቀርቦ «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እኔም ደብተሩን ገልጬ አሳየሁት። ብዙ ቆይቶ አየው፤ ዘጋውና በሁለት እጁ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ አላየሁትም።

ከዓመታት በኋላ ስለ አማካይ ለማስተማር ያንኑ ደብተር ለምሳሌ ብዬ ስከፍት ቀኖቹን አየሁ። ከ11ዱ ጨዋታዎች 8ቱ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ረመዳን ውስጥ የተደረጉ ነበሩ። ሌሎቹ ጾመኞች ከኋላ መስመር ስለሚሰለፉ ቁጥራቸው ብዙም አልወረደም፤ ይህ ልጅ ግን ክንፉን ይዞ የሚሮጥ ነበር። ከጾሙ በፊት በነበሩት ሦስት ጨዋታዎች ከቡድኑ የሚበልጠው አልነበረም። የዋንጫው ጨዋታ ሲደርስ ደግሞ ኢድ አልፎ ነበር። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ረመዳን መግባቱን የሚነግረው አያሻውም፤ እኔ ራሴ በዚያ ወር ማታ ማታ ጎረቤቶቼ ዘንድ ሾርባና ሳምቡሳ እየቀመስኩ፣ በማግስቱ በልጁ ስም ትይዩ «ደካማ» ብዬ እጽፍ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የቤዝቦል ካርድ ከእኔ ካርድ የሚሻለው ከብዙ ቁጥር ስለሚሠራ ነው። አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ቴድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በመቺነት ከተቆጠሩለት 456 ተራዎች በ185ቱ ተሳክቶለታል፤ ይህን ያህል ተራ የአንድ ወር ድካም አያዛባውም። በዛሬው የአሜሪካ ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። እኔ ግን በ11 ጨዋታ ፈረድኩ። ስለዚህ ቁጥርን አትመኑ አልላችሁም፤ እነዚያን ሦስት ጨዋታዎች ለይቼ ደምሬ ቢሆን ኖሮ ያው ቁጥር ከስሕተት ያወጣኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች በኮምፒውተር ጨዋታ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ሙሉ የውድድር ዘመን በደቂቃዎች ታሳልፋላችሁ፤ ይህን አልወደውም፤ ውጤት እንጂ መንገድ አያሳይምና። በሌላ በኩል ጠንካራ ቡድን ያለ ጥፋቱ ሊሸነፍ እንደሚችል ከብዙ አሠልጣኞች በተሻለ ታውቃላችሁ፤ ይህንንም ያስተማራችሁ ያው ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአሜሪካ ቤዝቦል ሲዘገይ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የየዕለቱ ግጥሚያዎች ሲካሄዱ ነበር። እውነተኛው ውድድር በሐምሌ ሲጀመር ለአንድ ቡድን 60 ጨዋታ ብቻ ቀረለት፤ በሊጉ መዝገብ የሰፈሩትም ሰዎች በእግራቸው ሮጠው ያስገኟቸው ውጤቶች ናቸው።

አንተ የኮምቦልቻው ልጄ፣ ስፖርቱን ከእኩሌታው በላይ ታውቀዋለህ፤ አልዋሸህም። በቀይ ክር የተሰፋው ኳስ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ ውጣና ሆጤ ላይ 18 ሜትር ከ44 ለክተን እንቁም፤ በዝግታ እወረውርልሃለሁ። ጾም ላይ ከሆንክ ግን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ሌላ ቀን እናደርገዋለን።