የት ቆማችሁ ነው የለካችሁት?

ይድረስ ኔትወርክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፦

እንዴት ናችሁ? እኔ እዚህ ደሴ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ታወር ሲያይ ያመዋል።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ሰርተፍኬትና ስለ ደመወዝ ነው። እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ያበላሸሁትን አንድ ሥራ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሰዓት ነው። ቲዲዲ በሚባለው የ4ጂ ዓይነት እና በብዙው 5ጂ ሳይቱ (አንቴናው የተሰቀለበት የሞባይል ጣቢያ ማለቴ ነው) የሚናገረውም የሚያደምጠውም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ በየተራ። ተራውን የሚጠብቀው ሰዓት ነው። መንዙማ ላይ አንድ ሰው ዘግይቶ ሲያጨበጭብ ምን እንደሚፈጠር የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እዚህም ያው ነው። አንዱ ሳይት ከዘገየ ጎረቤቱ ማድመጥ ጀምሮ እያለ እሱ ገና ይጮኻል። ከስልክ የምትመጣው ደካማ ሲግናል በጩኸቱ ትዋጣለች። ስለዚህ ሽፋናቸው የሚደራረብ ሳይቶች ከ3 ማይክሮ ሰከንድ በላይ መለያየት የለባቸውም። እያንዳንዱ ሳይት ከጋራው ሰዓት ቢበዛ 1.5 ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ነው። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት። ለቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ለምንዘገይ ሰዎች ይህ ቀልድ ይመስላል።

ይህን ከአየር ላይ የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ሰዓቱን ከጂፒኤስ ይይዛል፤ የሳይቱን ሲግናል ይቀበላል፤ ሁለቱን ያወዳድራል። ታወር መውጣት የለም፣ የሳይት ቁልፍ ፍለጋ መንከራተትም የለም።

እኔም ያንን መሣሪያ ይዤ ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ያለ አንድ ሳይት ልለካ ወጣሁ። ሰዎች ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል ብለው አማርረዋል። ከታች ሰፈር ውስጥ ቆሜ ለካሁ። 2.3 ማይክሮ ሰከንድ ዘግይቷል አለኝ። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ሳይቱ ሰዓቱን የሚያገኘው ከጂፒኤስ ስለሆነ ስልክ አንስቼ «የጂፒኤሱን አንቴናና ኬብል ቀይሩ» አልኩ። ልጆቹ በደሴ ብርድ ሌሊቱን ሲቀይሩ አደሩ። ጠዋት ተመልሼ ስለካ ያው 2.3።

አብራኝ የነበረች ጀማሪ ልጅ ፈራ ተባ እያለች «ጋሼ፣ ርቀቱን ቀነሱት?» አለችኝ።

አልቀነስኩም። የሬዲዮ ሞገድ በ1 ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ሲግናሉ እኔ ጋ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በሳይቱ ጥፋት ላይ ጽፌበታለሁ። ካርታ አወጣን፤ 560 ሜትር። ካርታው ግን ሜዳ ላይ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚነግራችሁ። ሳይቱ ከእኛ 290 ሜትር ከፍ ይላል። ሽቅቡን ስናሰላ 630 ሜትር ሆነ፤ 2.1 ማይክሮ ሰከንድ። የሳይቱ እውነተኛ መዘግየት 0.2 ብቻ ነበር። ጤነኛ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የካርታው ርቀት ብዙም አያሳስታችሁ ይሆናል። እንደ ደሴ በተራራ በተከበበ ከተማ ግን ከፍታውን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል።

ጥፋቱ ጎረቤቱ ሳይት ላይ ነበር። እዚያ ሰዓቱ የሚመጣው በፋይበር ነው። መብራቱ አረንጓዴ፣ አላርም የለም፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም። ልጅቷ ስትለካው ግን ርቀቱ ተቀንሶም 3.5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ስህተት ቀረ። ፋይበሩ ተቆርጦ ሲጠገን የመሄጃውና የመመለሻው መስመር ርዝመት በ1.4 ኪሎ ሜትር ተለያይቶ ነበር። በፋይበር የሚላከው ሰዓት ደግሞ መሄጃና መመለሻ እኩል ናቸው ብሎ ነው የሚያሰላው። እኩል ካልሆኑ የልዩነቱን ግማሽ ይስታል። አረንጓዴው መብራት «ሰዓት አግኝቻለሁ» ነው የሚለው። ያገኘው ሰዓት ልክ ይሁን አይሁን እሱ በምን ያውቃል?

ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ከውጤቱ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ፤ ከፍታውን ጭምር። ከተቻለ አንቴናው በዓይን የሚታይበት ቦታ ቁሙ። ገደል ሥር ወይም ፎቅ ጀርባ ከሆናችሁ የምትቀበሉት ነጥሮ የመጣውን ሊሆን ይችላል። የነጠረ ሲግናል ደግሞ ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። አንድን ሳይት ከሦስት ቦታ ለክታችሁ ርቀቱን ከቀነሳችሁ በኋላ ውጤቶቹ ከተለያዩ፣ መጀመሪያ አነስተኛውን መዘግየት እመኑ።

ጂፒኤስም ሰማይ ይፈልጋል። አዝዋ ገደል አካባቢ እንዳለው ዓይነት ቦታ የሰማዩ ግማሽ ይሸፈናል። ገላጣ ቦታ ላይ መሣሪያው በደንብ ሞቆ ሰዓቱን ይያዝ፤ ከዚያ ይዛችሁት ሂዱ። ውስጡ የሩቢዲየም (የአቶም) ሰዓት ካለው ለተወሰነ ጊዜ ይታመናል። ተራ ክሪስታል ከሆነ ግን ፈጠን በሉ። መንገድ ላይ ሻይ አይጠጣም።

ስትሳሳቱ ደግሞ አብሽሩ፤ እኔም ልጅቷን ለማመስገን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ኩራት ነው መቼስ። ያን ሌሊት ታወር ላይ ያደረው ልጅ ግን አልረሳልኝም። ፒያሳ ሲያገኘኝ ዛሬም «ጋሼ፣ ስንት ሜትር ላይ ነው የቆሙት?» ይለኛል። ቡናውን የምከፍለው እኔ ነኝ።