ድዱ እየደማ ወደ ቤት አትውሰጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ወንድምሽን መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ እፉኝት ነድፋዋለች፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እግሩ እብጠቱ ቀንሷል፤ ክሊኒኩም «ደህና ነው፣ ውሰጂው» ብሎሻል። ግን ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል። «እብጠቱ ከቀነሰ ደሙ ለምን አይቆምም? ልውሰደው ወይስ ልቆይ?» ነው ያልሽው።

አትውሰጂው። ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ፣ ይቺን ግን አሁን ያዢ። እብጠት ሌላ ነው፣ ደም መርጋት ሌላ ነው። እግሩ እየሟሸሸ ደሙ እንደ ውሃ ሊሆን ይችላል። ማርከሻው፣ ማለት የእባብ መርዝ የሚያከሽፈው መድኃኒት፣ ያለበት ሆስፒታል ዛሬውኑ ይድረስ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታናሽ ወንድሜ እንደዚሁ ተነድፎ 11 ቀን ሆስፒታል አብሬው አድሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላም ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እኔ የሠራሁትን ስህተት አንቺ እንዳትደግሚው ነው የምጽፍልሽ።

1ኛ. የቱቦውን ምርመራ አሠሪ። ምንም ማሽን አይፈልግም። ከደም ሥሩ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀዳል፣ አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል፣ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆማል። ከዚያ አንዴ ዘንበል ይደረጋል። ከፈሰሰ ደሙ አይረጋም ማለት ነው፤ መርዙ ገና እየሠራ ነው። በቃ ይኸው ነው። እኛን ግን ላብራቶሪው «ሪኤጀንት አልቋል፣ ሌላ ቦታ አሠሩ» ብሎ ግማሽ ቀን አዙሮናል። ሪኤጀንት አያስፈልገውም! በኋላ አንድ ነርስ ሲነግረኝ ነው ያወቅኩት።

ቱቦው ላይ ደግሞ ዓይንሽን አትንቀዪ። ፕላስቲክ አይሆንም፣ ፕላስቲክ ውስጥ ጤነኛ ደምም ቶሎ አይረጋም። በሳሙና ወይም በኦሞ ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆም ያሳስታል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ደግሞ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለው ዓመት ቢቀመጥም አይረጋም። የወንድሜን ደም የቀዳው የላብራቶሪ ልጅ መጀመሪያ ያደረገው እዚያ ውስጥ ነበር። ያ ነርስ አይቶት ደፋውና ሁለት የብርጭቆ ቱቦ አመጣ። «አንዱ የአንተ ይሁን» አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። ሁለቱን መስኮቱ ላይ አቁሞ ሰዓቱን ያዘ። 20 ደቂቃው ሲሞላ መጀመሪያ የእኔን ዘነበለው። ንቅንቅ አላለም፣ እንደ ጄሊ ቱቦው ላይ ተጣብቋል። የወንድሜን ሲዘነብለው እንደ ቀይ ሻይ እስከ አፉ ድረስ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። አንቺም ከቻልሽ የራስሽን ደም ጎን ለጎን አስቀጂ፣ ቱቦው ደህና መሆኑን የምታውቂው በዚያ ነው።

2ኛ. ለምን እንደማይረጋ ጠይቀሻል። እኔም ግራ የገባኝ ይሄ ነበር፤ ምክንያቱም መርዙ ደም የሚያቀጥን ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ መርዙ ደሙን ያረጋዋል። ጉበታችን ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ስንቆረጥ ትሮምቢን የሚባል ኢንዛይም ይሄን ፕሮቲን ወደ ክር ይቀይረዋል፣ ክሩ መረብ ይሆናል፣ ደሙ ይቆማል። ትሮምቢን ሁልጊዜ ሥራ ላይ አይደለም፤ ፕሮትሮምቢን ሆኖ ተኝቶ ነው በደም ውስጥ የሚዞረው። የቆላዋ ትንሿ እፉኝት፣ ያቺ ተጠቅልላ ቅርፊቷን እያፋተገች እንደ መጋዝ የምትንሾካሾከው፣ መርዟ ውስጥ ይሄን የተኛ ነገር ያለምንም ቁስል የሚቀሰቅስ ኢንዛይም አለ። ከእሷ ዘመድ ከሆነች እፉኝት የተገኘው ኤካሪን ይባላል፤ ላብራቶሪዎች ለደም ምርመራ ሳይቀር ይጠቀሙበታል።

እናትሽ ለሳምንት ያቦካችውን ሊጥ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ትናንሽ እንጎቻ ጋግሮ ጨረሰው በይ። እንጎቻዎቹን ሰውነት ራሱ ያፈርሳቸዋል። ከዚያ እውነተኛ ቁስል ሲመጣ ቡሃቃው ባዶ ነው። ድዱ የሚደማው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሌሎች የመርዙ ኢንዛይሞች የቀጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ ይበላሉ። ቧንቧው ይሸነቆራል፣ መድፈኛው አልቋል።

ይሄን ካወቅሽ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል። «ደም ግዢ» ሲሉሽ ደም ብቻውን አይበቃም፤ ማርከሻው ሳይሰጥ ቡሃቃው ላይ አዲስ ሊጥ ብትጨምሪ ያው ኢንዛይም ይጨርሰዋል። ቫይታሚን ኬም ለዚህ መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ መርዙ በማርከሻ ይያዝ። ከዚያ ጉበት ፋይብሪኖጅኑን እንደገና ይሠራል፤ ለመርጋት የሚበቃ ያህል ለመሥራት ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ማርከሻ በተሰጠ በሰዓቱ «አልሠራም» ብለሽ አትደንግጪ። ቱቦው ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ ያኔም ካልረጋ ማርከሻው ይጨመራል።

3ኛ. ጡንቻ ላይ መርፌ አታስወጊ። የእኛው ክሊኒክ ለሕመሙ ብሎ መቀመጫው ላይ ዲክሎፌናክ ወጋው፣ በማግስቱ ቦታው የሐብሐብ ግማሽ አክሎ ጠቆረ፤ ደሙ ነው ውስጥ የተጠራቀመው። ዲክሎፌናክም አስፕሪንም ለዚህ ሰው አይሆኑም፣ መድማት ያብሳሉ። ምላጭም እንደዚሁ። የወንድሜ ጓደኞች፣ ሂላው (የሰሊጡ ነዶ ክምር) ሥር እጁን ሲነደፍ ጊዜ፣ ጣቱን በምላጭ በጥተው ክንዱን በገመድ አስረውት ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ወንድማቸውን ሊያድኑ ነው። ግን የተበጣው ጣት እስከ ጠዋት አልቆመም፣ በትራክተር ሲያመጡት ሦስት ጨርቅ አርሷል።

4ኛ. ማርከሻው የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ማርከሻ የሚሠራው በብዛት ከፈረስ ነው፤ ፈረሱ በጥቂት በጥቂቱ መርዙን ይወጋል፣ ደሙ መከላከያ ሲያበጅ እሱ ተጣርቶ ይታሸጋል። ስለዚህ የሚይዘው ፈረሱ የተወጋውን ዓይነት መርዝ ነው። የሕንድ እፉኝት መርዝ የተወጋ ፈረስ ማርከሻ ለእኛ አገሯ እፉኝት፣ በስም አንድ ዘር ቢሆኑም እንኳ፣ አስተማማኝ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የአፍሪካ እባቦች መጻፋቸውን ፋርማሲስቱ ያንብብልሽ፤ የትንሿ እፉኝት የሳይንስ ስሟ በኤኪስ ይጀምራል፣ የትልቋና የወፍራሟ በቢቲስ። ማርከሻው አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አድሬናሊን ተዘጋጅቶ፣ ነርስ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚሰጠው። ሰፈር ውስጥ እንዳታስወጊ። ሕፃን ቢሆንም መጠኑ ያው የአዋቂው ነው፤ እባቧ ለሕፃን ብላ መርዝ አትቀንስም።

እኛ ይሄን ስንፈልግ የመንግሥት ፋርማሲ መስኮት ላይ የነበረችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የለም» አለች። «የት ይገኛል?» ስላት መስኮቱን ዘጋችው። ወንድሜ ኮሪደር ላይ ደም እየተፋ ነው፣ እሷ መስኮት ትዘጋለች! ይሄ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። እውነት ነው፣ እጥረቱ የእሷ ጥፋት አይደለም። ለአፍሪካ ጥሩ ማርከሻ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ በፈረንጆቹ 2014 ማምረቱን አቁሟል፣ የመጨረሻው ምርትም በ2016 ጊዜው አልፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፍን ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እንኳ በ2017 ነው። የሚነደፈው ሳሉግ የምንለው ለእርሻ ሥራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ማን ይጮህለታል? ግን «እዚያ ጠይቅ» ማለት ምን ያስከፍላል? አብደራፊ ከተማ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛር የሚባለውን የቆላ በሽታና የእባብ ንድፍ ሲያክሙ እንደቆዩ የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። እኛ በመጨረሻ ከግል መድኃኒት ቤት አገኘን፣ አባቴ ወይፈኑን ሸጦ ገዛነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማርከሻው ገባለት። በ6 ሰዓቱ ቱቦው ረጋ። እልል አልን። ድዱ ቆመ፣ ሽንቱ ጠራ፣ ሽሮ በላ። በማግስቱ ወንድሜ «የእርሻ ካምፑ ጸሐፊ ሒሳብ የሚዘጋው ነገ ነው፣ ካልተገኘሁ የአጨዳዬ ብር ይቀራል» አለኝ። ሐኪሙ «ቱቦው ነገም ይደገማል፣ ቆዩ» ብሎን ነበር። እኔ ግን የአልጋውን፣ የምግቡን፣ የወይፈኑን ነገር አስቤ «በራሳችን ፈቃድ ወጥተናል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። በገዛ እጄ።

ያን ሌሊት የተከራየነው ክፍል ውስጥ «ራሴን፣ ራሴን» እያለ ቀሰቀሰኝ። በስልኬ መብራት ሳየው ትራሱ ላይ ደም አለ። ሽንቱ የኮካ ቀለም ሆኗል። ለካ የተነደፈው ጣት ውስጥ የቀረው መርዝ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ማርከሻው ደግሞ ከሰውነት እየወጣ ይሄዳል። ስለዚህ አንዴ የረጋ ደም በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሊቀጥን ይችላል። ይሄን ማንም አላስረዳኝም፣ «ቆዩ» ብቻ ነው የተባልነው።

ተሸክሜው ስደርስ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «እናንተ ፈርማችሁ ወጥታችኋል፣ አዲስ ካርድ ያስፈልጋል፣ ጠዋት 2:30 ላይ ኑ» አለኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ወንድሜ ወንበሩ ላይ እያዘነበለ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመን። ያው የቱቦው ነርስ ለሌላ በሽተኛ ሲያልፍ አይቶን ነው ያለ ካርድ ያስገባን። እግዜር ይስጠው፣ ስሙን በጸሎት እጠራዋለሁ። ቱቦው ፈሰሰ። ማርከሻው ተጨመረ። ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ደም ፈሷል። ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ፣ ሚስት አግብቷል፤ በግራ እጁ ሲኒ ሲይዝ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ቡናው ይፈስበታል። የአጨዳው ብር 4,200 ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ የአንቺ ወንድም ሦስተኛ ቀኑ ነው ብለው «መርዙ አልፏል» ቢሉሽ አትስሚ። ድዱ እየደማ ነው እኮ። ደሙ እስካልረጋ ድረስ ዘግይቶም ቢሆን ማርከሻው ይጠቅመዋል። ከረጋ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ቱቦው እየተደጋገመ ይታይ፤ እኔ ብሆን ሁለት ቀን አስደግማለሁ። ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የጠቆረ ሽንት፣ የጠቆረ ዓይነ ምድር ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቀስቅሺ። ጥርሱን አትፋቂለት፣ በውሃ ብቻ ይጉመጥመጥ።

እኔ አሁን ጥቅምት በመጣ ቁጥር ለሰፈራችን ልጆች አዲስ የብርጭቆ ቱቦ ገዝቼ እልካለሁ፣ ካርቶኑ ላይ «ኦሞ አይነካውም» ብዬ እጽፋለሁ። አምና ሁለት ካምፖች ደውለውልኝ ሁለቱም ልጆች በሰዓቱ ሆስፒታል ደርሰዋል።

አሁን ተነሺና መኪና ፈልጊ። ቱቦው ሲሠራ ስንት ሰዓት ላይ እንደቆመና ፈሰሰ ወይስ ረጋ እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፣ ሌሊቱን ስልኬን አላጠፋም።