የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ማመልከቻ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ከመንዝ መጥቼ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ በ2016 ዓ.ም. ተመርቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ላሉ ፋብሪካዎች 14 ጊዜ ባመለክትም ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን የለኝም። ከሌሎች አመልካቾች ተለይቼ ለመታየት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህን አምድ ከማዘጋጀቴ በፊት በአንድ ፋብሪካ የአመልካቾችን ማስረጃ እመረምር ነበርና፣ ለአንድ የጀማሪ መደብ የሚቀርቡት ደብዳቤዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አውቃለሁ። አብዛኞቹ «በተመረቅሁበት ሙያ ድርጅቱን በትጋት ለማገልገል» ብለው ስለሚጀምሩ፣ መርማሪው ከመመረቂያ ነጥብ በቀር አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር አያገኝም። በደብዳቤዎ መጀመሪያ ሊቀድም የሚገባው ስለ ትጋትዎ የሚሰጡት ምስክርነት ሳይሆን የሠሩት ሥራ ነው።

ልምድ የለኝም ማለትዎን ግን አልቀበልም። ለልምምድ በወጡበት መሥሪያ ቤት ያመሳከሩት የባንክ ሒሳብ ወይም የያዙት የዕድር መዝገብ ካለ፣ ጊዜውና መጠኑ ተገልጾ ሊጻፍ ይገባዋል። ይህ ከሌለም አሁን ይሥሩት፦ የ20 ሠራተኞችን የአንድ ወር ደመወዝ በምሳሌነት ይውሰዱ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰበውን የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብሩን በኤክሴል አስልተው፣ ምሳሌ መሆኑን በግልጽ ጽፈው ከሲቪዎ ጋር ያያይዙት። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እችላለሁ ካሉም ምን እንደመዘገቡበት ይግለጹ፤ ፈታኙ ኮምፒዩተር ፊት ሊያስቀምጥዎ ይችላልና።

ለብርድ ልብስ ፋብሪካና ለቢራ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ማስገባትም አይበጅም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ዋና ጭንቀት የጥሬ ዕቃው፣ በሂደት ላይ ያለውና ያለቀው ምርት ዋጋ በትክክል መያዙ ሲሆን፣ የቢራው ግን የብቅል ግዢን፣ የኤክሳይስ ታክስንና ከደንበኛ የሚመለሰውን ጠርሙስና ሣጥን ይከታተላል። ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያሳየ አመልካች ሥራውን ማሰቡን ያስመሰክራል።

አመልክተው ወደ መንዝ የሚመለሱ ከሆነ፣ ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ጥሪው እንዳያልፍዎ በከተማ ያለ የቅርብ ዘመድ ስልክ ጨምረው ይጻፉ። የተመረጠ ሰው ስልኩ አልሠራ ብሎ ተራውን ለተጠባባቂ ስናስተላልፍ፣ ያን ስም መሰረዝ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።