«ነጻ ነው» ማለትህን ትተህ መዝገብህን አሳያቸው

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በአንድ አስመጪ ድርጅት ተቀጥሬአለሁ። ሰርቨራችንን ወደ ዴቢያን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት) እንድንቀይር፣ ነጻም እንደሆነ ብነግራቸው ሥራ አስኪያጁ «ነጻ ነገር ሲበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» አሉኝ። እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ተገቢውን ነገር ነው የጠየቁህ። አንተ የነገርካቸው ስለ ዋጋ ነው፤ እሳቸው የሚጨነቁት ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰነዶቻቸው በቦታቸው ስለ መገኘታቸው ነው።

በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ላፕቶፖች በ2013 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ወደ ዴቢያን ሲዛወሩ የተሰጠው ምክንያት አስተማማኝነቱና ችግር ሲገጥም ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሊያስተካክሉት መቻላቸው ነበር። ለሥራ አስኪያጅህ ጥያቄ ይህ ግማሽ መልስ ይሆናል። ግማሽ ያልኩት፣ የእሳቸው ቢሮ ያለው ምድር ላይ ስለሆነ ነው፤ የሚያምኑት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመጋዘን አንድ የተጣለ ኮምፒውተር እንዲሰጡህ ጠይቅ። ዴቢያንን ጫንበትና የጉምሩክ ሰነዶችን ስካን ቅጂ ብቻ በሳምባ (ፋይሎችን በኔትወርክ ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሚያጋራ ፕሮግራም) አጋራ። ሠራተኞቹ ከዊንዶውሳቸው ሳይወጡ እንደ ተራ ፎልደር ይከፍቱታል። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን አትንካ! የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉን ካስቀየምክ ደግሞ ጉዳይህ በዚያው ያበቃል።

ከዚያ አንድ ደብተር ግዛ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤስ) ስንት ደቂቃ እንደያዘ፣ መብራት ሲመለስ ፎልደሩ በስንት ደቂቃ እንደተከፈተ፣ የትኛውን ማሻሻያ መቼ እንደጫንክ ጻፍ። ያጠፋኸውንም ጻፍ፤ እንከን የሌለበትን መዝገብ ማንም አያምንም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ «ሰርቨሬ ለ400 ቀን አልጠፋም» ብለህ አትኩራራ። የከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ማሻሻያ ሥራ ላይ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ስለሆነ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከኩራትህ የሚሰማው ቸልተኝነትህን ነው። እሑድ ማለዳ አስበህበት አጥፍተህ ማስነሣትህ የበለጠ ያስከብርሃል።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ይዘህ ግባ። ለሙከራ ካዘጋጀኸው ፎልደር አንድ ፋይል ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጃቸው ያጥፉ፤ አንተ ሰዓት እያዩብህ ከመጠባበቂያው ቅጂ መልስላቸው። «ማንን እጠይቃለሁ?» ለሚለውም ፋይል የሚመለስበትን መንገድ በሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፈህ ስጣቸው፤ አንተ ፈቃድ ስትወጣ ሌላ ባለሙያ አንብቦ እንዲሠራው። ያ ደብተርና እነዚያ ሁለት ገጾች ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ከሠርተፍኬትህ ቀድመው ይናገሩልሃል።

እስካሁን መጠባበቂያ ቅጂ የሚባል ነገር ከሌላችሁ ግን ዴቢያኑ ይቆይህ፤ ዛሬ ከቢሮ ሳትወጣ እሱን ሥራ።